ጡረታ ሲመጣ ቤቱ የማን ይሆናል? ተራርቆ የመዋል ነገር በድሬዳዋ

ድሬዳዋ ውስጥ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ሲጋጩ ሰበቡ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። ቬንትሌተሩ ወደ ማን ዞረ፣ ቴሌቪዥኑ ለምን ጮኸ፣ ሽንኩርቱ ለምን በዚያ ዋጋ ተገዛ፣ ቡና ጠጪዎቹ ለምን እስካሁን አልተነሡም። ሽማግሌ ገብቶ ሁለቱንም ይሰማል፤ «ተቻቻሉ፣ ልጆቻችሁ ምን ይላሉ» ብሎ ያስታርቃል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ያው ነገር ይመለሳል። ሽምግልናው ማን እንዳጠፋ ይጠይቃል፤ የተበላሸው ግን የቀኑ አከፋፈል ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሥራ ቀን ነቅተው የሚተያዩት አራት አምስት ሰዓት ብቻ የነበሩ ሁለት ሰዎች፣ ከመጨረሻው ደመወዝ ማግስት ጀምሮ አሥራ አምስት ሰዓት በአንድ ጣሪያ ሥር ይውላሉ።

መፍትሔው ተራርቆ የመዋያ ሰዓት በግልጽ መመደብ ነው። ይህን ብዙ ሰው ይቀበላል፤ የሚሳሳተው ሰዓቱ ለማን እንደሚመደብ ላይ ነው። ወንዱ ድሮም መውጫ አለው፤ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ሥር ሻይ አለ፣ በርጫ (ተሰብስቦ ጫት መቃም) አለ፣ ካርታና ዶሚኖ አለ። የጎደለው የሴቲቱ ሰዓት ነው። እሷ የሚያስፈልጋት ከቤት የምትወጣበት ጊዜ ብቻ አይደለም፤ በገዛ ቤቷ ማንም ሳያያት ብቻዋን የምትሆንበት ሰዓት ጭምር ነው።

ሥራው ነበር የሚለያያቸው

ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ደርሶ ከተማዋ ከተቆረቆረች ጀምሮ የድሬ ኑሮ በሥራ ሰዓት የተቃኘ ነው። የምድር ባቡር ሠራተኛ ጅቡቲ ወይም አዋሽ አድሮ ይመለስ ነበር። የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ በፈረቃ ይገባል፤ የሌሊት ፈረቃ ሲደርሰው ቀን ይተኛል፤ አካሉ ቤት ቢሆንም ከቤቱ ውሎ ውጭ ነው። አስተማሪው፣ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊው፣ የሲሚንቶ ፋብሪካው ሜካኒክ፣ ሁሉም የየራሱ መውጫና መግቢያ ነበረው። ባልና ሚስቱ ይህን መለያየት መርጠውት አያውቁም፤ ተመክረውበትም አያውቁም። ትዳራቸው የቆመው ግን በእሱ ላይ ነበር።

በዚያው ልክ ቤት የምትውለው ሴት የራሷን ሥርዓት አበጅታለች። ገና ሙቀቱ ሳይጠነክር ግቢ ይጠረጋል፣ ውሃ የሚመጣበት ቀን ከሆነ ጀሪካኑና በርሜሉ ይሞላል፣ ቀፊራ ወይም አሸዋ ገበያ ደርሳ ትመለሳለች፣ ከዚያ ጎረቤት ተጠርቶ ቡና ይፈላል። በቡናው ላይ የሚወራው ባል ቢሰማው የማይወደው ነገር አለበት፤ የምራት ነገር፣ የዕቁብ ነገር፣ የየራስ ሕመም። ጡረተኛው ባል ሳሎን ሲቀመጥ ማንንም አላባረረም፤ ነገር ግን ጎረቤቶቹ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ፣ ሁለተኛውን ሳይጠብቁ ይነሣሉ፣ በሦስተኛው ሳምንት መምጣቱን ይተዋሉ። ሴቲቱ ጓደኞቿን ያጣችው በማን ጥፋት እንደሆነ ለመናገር እንኳ ይቸግራታል። ሰውዬው በበኩሉ ሥራ ለማገዝ ብሎ ድስቱን ከፍቶ ያያል፣ የዘይቱን መጠን ይጠይቃል፣ ዕቃ ቦታ ያዛውራል። አርባ ሠራተኛ ሲያዝ የነበረ ፎርማን ከሆነ ደግሞ ኩሽናው ዎርክሾፕ ይሆንበታል።

ይህ የእኛ አገር ሰው ጠባይ ብቻ አይደለም። ጃፓናዊው ሐኪም ኖቡዎ ኩሮካዋ እ.ኤ.አ. በ1991 ባል ቤት በመዋሉ የሚመጣ ጭንቀት በሚስቶች ላይ የጨጓራ ሕመም፣ የደም ግፊትና የቆዳ ሽፍታ እንደሚያስከትል ጽፎ ነበር። ልዩነቱ እዚያ ቤቱ ጠባብ ነው፤ እዚህ ደግሞ ቤቱም ጠባብ ነው፣ ፀሐዩም ከቤት አያስወጣም።

መደበኛው የጡረታ መውጫ ዕድሜ ለወንድም ለሴትም 60 ዓመት ነው። ሚስት ብዙ ጊዜ በዕድሜ ስለምታንስ ባል ቀድሞ ቤት ይውላል። እሷ ገና ደመወዝተኛ ወይም ታይዋን ገበያ ነጋዴ ከሆነች ችግሩ መልኩን ይቀይራል፤ ቀኑን ሙሉ ብቻውን የዋለ ሰው ማታ እግር በእግር ይከተላታል፤ ደክማ የገባች ሴት ደግሞ ለአንድ ሰዓት ያህል ማንም ባያናግራት ትወዳለች። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ጡረታ ከወጡ ሌላ ነው፤ እሷም ቤቷን በቀን ብርሃን አታውቀውም፣ ሁለቱም እንደ አዲስ ተከራይ ይገባሉ። ይኸኛው በአንጻሩ ይቀላል፤ ማንም የማንንም ግዛት አልወሰደምና።

ገንዘቡ የሚያከብደው

በመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ አሥር ዓመት ላገለገለ ሰው አበሉ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ነው፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። 30 ዓመት ላገለገለ ሰው 55 በመቶ ይሆናል ማለት ነው። አማካይ ደመወዙ 8,000 ብር ከነበረ አበሉ 4,400 ብር ነው። ሰውየው ቀኑን ሙሉ ቤት በሚውልበት፣ ምሳና ሻይ ከቤት በሚወጣበት በዚያው ወር የቤቱ ገቢ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ስለ ሽንኩርት ዋጋ የሚነሣው ጠብ ሥሩ እዚህ ነው።

ከቤት መውጫው በርጫ ከሆነ ሒሳቡን አስቀድሞ መሥራት ግድ ነው። በቀን 150 ብር ለጫትና አብሮት ለሚሄደው ቢወጣ በወር 4,500 ብር ይሆናል፤ ከላይ ያለውን አበል ሙሉ በሙሉ ይበልጠዋል። ከዚህም ሌላ ጫት የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍ ይነሣል፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚገላበጥ ባል ሚስትንም አያስተኛም። ቃሚዎች ሊቆጡ ይችላሉ፤ ቢሆንም በየቀኑ የሚቃም ጡረተኛ ከቤት ወጣ እንጂ ቤቱን አላሳረፈም። በሳምንት አንድ ቀን፣ በተወሰነ ብር፣ ከወዳጅ ጋር ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው።

ለዚህ የሚረዳው አበሉ በገባ ቀን ሦስት ቦታ መክፈል ነው፤ የቤት፣ የእሱ ኪስ፣ የእሷ ኪስ። ሁለቱ ኪሶች እኩል ይሁኑ፣ ትንሽም ቢሆኑ። ምን ላይ ዋለ ተብሎ አይጠየቅባቸውም። የሴቲቱ ኪስ የሚዘነጋው «አስቤዛው በእጇ ነው» እየተባለ ነው፤ የአስቤዛ ገንዘብ ግን የቤት ነው፣ ከእሱ ለታክሲና ለጓደኛ ልደት ብታነሣ እንደጎደለ ይቆጠርባታል።

ሰዓቱን መከፋፈል

መጀመሪያ አንድ ሳምንት ማየት ነው። ማንም ለማንም ሳይናገር፣ ጠብ የተነሣበትን ሰዓትና ክፍል ብቻ ጽፎ መያዝ። ድሬ ላይ ሁለት ሰዓቶች ጎልተው ይወጣሉ። አንዱ ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ነው፤ ቀዝቀዝ ያለው የሥራ ሰዓት እሱ ብቻ ስለሆነ ሁሉም ነገር ያኔ ይሻማል። ሌላው ከቀኑ 6 እስከ 10 ሰዓት ነው። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በላይ ሲሆን ሱቅ ይዘጋል፣ መንገዱ ባዶ ይሆናል፣ ሁለቱም የቤቱን ቀዝቃዛ ክፍል ይፈልጋሉ። ያ ክፍል ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ቬንትሌተሩም አንድ ነው።

የጠዋቱ ሰዓት ለሴቲቱ ቢተው ይሻላል። ባል 1 ሰዓት ተኩል ላይ ወጥቶ 4 ሰዓት ከሩብ ሲሆን ይመለስ። ከዚያ በኋላ ፀሐዩ ስለሚበረታ ለደም ግፊተኛ ሰው አደጋ አለው። ስንት ቀን? በሳምንት አራት ቀን በቂ ነው፤ ሁሉም ቀን ከተባለ በሁለተኛው ወር ይፈርሳል። ዋናው ነገር ሰዓቱ የታወቀ መሆኑ ነው። «ዛሬ ትወጣለህ ወይስ አትወጣም» ተብሎ በየቀኑ የሚጠየቅ ከሆነ ሴቲቱ ቡና መጥራት አትችልም፣ ባልም እንደተባረረ ይሰማዋል።

የቀትሩ ሰዓት የሚፈታው በሁለተኛ ቬንትሌተር ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ከብዙ ምክር ግን ይበልጣል። 60 ዋት የሚወስድ ባለ መቆሚያ ቬንትሌተር በቀን 6 ሰዓት ቢሠራ 0.36 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በወር 11 ገደማ። ይህ በመብራት ቆጣሪው ላይ ከምጣድ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው፤ አንድ ምጣድ ለጥቂት ሰዓት ሲጋል ያንን ይጨርሳል። አንዱ መኝታ ክፍል፣ ሌላው ሳሎን ወይም በረንዳ ይተኛ። ሬዲዮ የሚሰማው ሰው የጆሮ ማዳመጫ ይግዛ። ቤቱ አንድ ክፍል ብቻ ከሆነ መጋረጃ በመካከል መዘርጋት እንኳ ለውጥ አለው፤ ሰው የሚደክመው በመታየትም ነውና።

በረንዳ ላይ ቀን መተኛት የመረጠ ሰው አጎበር አይርሳ። ብዙዎች አጎበር የሌሊት ነገር ይመስላቸዋል። በ2006 ዓ.ም. ከተማዋን የመታው የዴንጌ ትኩሳትና በ2011 ዓ.ም. ክረምት ብዙ ሰው መገጣጠሚያውን አሞት የተኛበት ቺኩንጉንያ የሚተላለፉት በቀን በምትነክስ ትንኝ ነው። ትንኟ የምትራባው ደግሞ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በምናጠራቅምበት በርሜል ውስጥ ነው። በርሜሉን በጨርቅ አጥብቆ መሸፈን፣ በሳምንት አንዴ ጎኑን ፈትጎ ማጠብ፤ ይህ ሥራ ለጡረተኛው ባል ቢሰጥ የሚረባ ሥራ ነው፣ ኩሽናም አያስገባውም።

የመኝታ ነገር ሲነሣ ሰው ያፍራል። ስልሳ ካለፈ በኋላ ወንዱ በፕሮስቴት ምክንያት ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ ይነሣል፤ አንዱ ያንኮራፋል፤ አንዱ ቬንትሌተሩ ካልነፋበት አይተኛም፣ ሌላዋን ነፋሱ ትከሻዋን ያማታል። በሁለት አልጋ መተኛት የፍቅር ማለቅ ተደርጎ ስለሚታይ ስንት ሰው ዓመቱን ሙሉ ሳይተኛ ያነጋል። ድሬ በዚህ ዕድለኛ ናት፤ በሙቀት ወራት በረንዳና ግቢ ማደር ድሮም የነበረ ስለሆነ ማንም አያነሣውም። በሚያዝያ የተጀመረው ሁለት አልጋ ከወደዱት መስከረም ላይ ቢቀጥል ምን ቸገረ።

ሐረር ያሉት ይህን ነገር በቤት አሠራራቸው አስበውበታል። በጥንቱ የሐረሪ ቤት ሳሎን ውስጥ አምስት ከፍ ያሉ መቀመጫዎች፣ ነደባዎች፣ አሉ፤ እያንዳንዱ ማን እንደሚቀመጥበት የታወቀ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ሆኖ የየራስ ቦታ ማለት ይኸው ነው። እንደ እድር ያለው መረዳጃ ማኅበራቸው፣ አፎቻውም፣ የወንዶችና የሴቶች ተብሎ ለየብቻ ነው፤ ሴቲቱ አፎቻ አለብኝ ስትል ባል ለምን አይልም። ድሬ ላይም አፎቻ፣ እድር፣ የጽዋ ማኅበር፣ ሰንበቴ አለ፤ ፈቃድ የማይጠየቅበት መውጫ ስለሆነ ከሁሉ በፊት እሱን አጥብቆ መያዝ ያዋጣል።

የት ይሂድ?

«ውጣ» የተባለ ሰው መድረሻ ከሌለው ግቢው በር ላይ ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል፤ ይህ አልወጣም ማለት ነው። መድረሻ ስንል አንድ ሰው የሚጠብቅበት ቦታ ማለታችን ነው። ለዚህ የሚበልጠው ኃላፊነት ነው። እድሮች መዝገብ የሚያስተካክል፣ መዋጮ የሚሰበስብ፣ ድንኳንና ወንበር የሚቆጣጠር ሰው ሁልጊዜ ይቸግራቸዋል። የባቡር ሒሳብ ሹም የነበረ ሰው የእድር ገንዘብ ያዥ ሲሆን በሳምንት ሁለት ጠዋት ይወስድበታል፣ ሲያልፍ ሲያገድምም ሰው ቆሞ ሰላም ይለዋል። የእጅ ሙያ ያለው ደግሞ ለወጣት ብየዳ ወይም ኤሌክትሪክ ያሳይ፤ በሙሉ ቀን አይግባ እንጂ። ሃይማኖተኛው ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ደርሶ እዚያው ግቢ ጥላ ሥር ቢቆይ ብር አይወጣበትም። ከከዚራ ወደ መጋላ በጠዋት በእግር መሄድ፣ ሻይ አንድ ብርጭቆ መጠጣት፣ መመለስ፤ ለጉልበቱም ለስኳሩም ይበጃል።

ለሴቲቱ ውጭ የሚሆነው ሌላ ነው። የእሷ መውጫ ብዙ ጊዜ ሥራ ነው፤ ለቅሶ፣ አራስ ጥየቃ፣ ገበያ። እነዚህ ዕረፍት ተደርገው ይቆጠሩባታል፤ አይደሉም። በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ቀዝቀዝ ሲል፣ ምንም ሳትሸከም የምትወጣበት ቀን ይኑራት። ያን ቀን ማታ እራት የሚያቀርበው ባል ነው።

ለወር ወይም ለሁለት ወር መለየት

ረዘም ያለው መለያየት ልጅ ጋ መሄድ ነው፤ አዲስ አበባ፣ ጅቡቲ፣ ሐረር፣ አንዳንዴም ከዚያ የራቀ። ሁለቱን የሚያሳርፍ ነው፤ ሲበላሽ ግን የሚበላሸው በዝግጅት ማነስ ነው። ሴቲቱ ከመሄዷ በፊት ሌሊቱን ሙሉ ጋግራ የአሥር ቀን እንጀራ ታስቀምጣለች። በድሬ ሙቀት ያለ ፍሪጅ እንጀራ ከሦስት ቀን በላይ አይቆይም፤ ይሻግታል። ይልቅ ከጎረቤት እንጀራ ጋጋሪ ጋር በሁለት ቀን አንዴ እንዲደርሰው ተነጋግሮ መክፈል ነው። እሱም ከመሄዷ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ሩዝ፣ ፓስታና ሽሮ በራሱ እጅ አብስሎ ይሞክር። ሩዝ አንድ ኩባያ በሁለት ኩባያ ውሃ፣ ሲመጥ እሳቱን ዝቅ አድርጎ መክደን። ሽሮው የሚጓጉለው ውሃው ከፈላ በኋላ በአንዴ ስለሚጨመር ነው፤ መጀመሪያ በትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ ይበጥብጠው።

መድኃኒት ከምግብ ይከብዳል። በብዙ ቤት የባልን ክኒን የምታስታውሰው ሚስት ናት፤ እሱ የመድኃኒቱን ስም እንኳ አያውቅም። ስሙ፣ መጠኑ፣ ሰዓቱ፣ የሚያልቅበት ቀን በትልቅ ፊደል ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ካለ ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል፤ የተከፈተው ከ30 ዲግሪ በታች ከሆነ 28 ቀን ያህል ይቆያል። የድሬ ቤት በግንቦት ከ30 ዲግሪ በላይ ስለሚሞቅ መብራት ሲጠፋ ወይም ፍሪጅ ከሌለ ብልቃጡን ውሃ በማያስገባ ዕቃ አድርጎ፣ እርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለበት የሸክላ እንስራ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ማስቀመጥ ነው። ስኳሩ ሲወርድ፣ ላብና መንቀጥቀጥ ሲመጣ፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መጠጣት፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ካልተሻለ መድገም። ብቻውን የሚያድር ከሆነ አንድ ጎረቤት ቁልፍ ይያዝ፤ ጠዋት 3 ሰዓት ድረስ በር ካልተከፈተ ያንኳኳ።

የሰው አፍም አለ። «ሚስቱ ጥላው ሄደች» የሚለው ወሬ ከመጋላ ሳቢያን ለመድረስ ጊዜ አይወስድበትም። ሲሄዱ የመመለሻውን ቀን መናገር አፉን ይዘጋል፤ «ለቁልቢ ትመጣለች»፣ «ለረመዳን እዚህ ናት»። ቀኑ የታወቀ ጉዞ ጠብ አይመስልም። ለልጆችም ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው ይንገሩ፤ እናት ብቻዋን ስትነግር ልጆች አባትን ይከሱታል።

ሕጉም ይህን አይከለክልም። በድሬዳዋ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ባልና ሚስት አብረው የመኖር ግዴታ አለባቸው ካለ በኋላ፣ ለተወሰነም ላልተወሰነም ጊዜ ተለያይተው ለመኖር መስማማት እንደሚችሉ ይደነግጋል። ስምምነት ነው ያለው፤ አንዱ ጥሎ ቢሄድ ሌላ ነገር ነው። ትዳሩ ስላልፈረሰ የመደጋገፍ ግዴታው አለ፤ የጡረታ አበሉም የጋራ ሀብት መሆኑ አይቀርም። ስለዚህ ከወር በላይ የሚለያዩ ከሆነ በወር ስንት ለማን እንደሚደርስ በወረቀት ቢሰፍር አይነወርም። የሐረሪ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው ሐረር የሚኖሩት እዚያው ይጠይቁ።

ተራርቆ መዋል የማይፈታው ነገርም አለ፣ ይህን ማለፍ አንችልም። ዱላ ወይም ማስፈራራት ካለ የሰዓት ክፍፍል መፍትሔ አይሆንም፤ ሴቲቱ ደኅንነቷ ወደሚጠበቅበት መሄድ አለባት፣ ሽማግሌም «ተመለሺ» ሊላት አይገባም። ጡረታ በወጣ በወራት ውስጥ ከጓደኛ የሸሸ፣ ምግብ የጠላ፣ ሌሊት የማይተኛ፣ «ምን እሠራለሁ በሕይወት» የሚል ሰው ቦታ ሳይሆን ሐኪም ነው የሚያስፈልገው፤ ድል ጮራም ሆነ ሌላ ሆስፒታል በጊዜ ይወሰድ። ቤቱን እየረሳ የሚጠፋ፣ ጋዝ ሳያጠፋ የሚወጣ ሰውም ብቻውን አይተው።

ከጉዞ የተመለሰ ሰው የመጀመሪያ ሳምንቱ ከባድ ነው። ቆይቶ የጠበቀው ባል ቤቱን በራሱ መንገድ አደራጅቷል፤ ጨው የነበረበት ስኳር ተቀምጧል፣ ፎጣው ሌላ ቦታ ተሰቅሏል። ሴቲቱ ገብታ በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም ብትመልሰው፣ ሁለት ወር ሙሉ ብቻውን ተወጣሁት ያለውን ሰው ልቡን ትሰብራለች። ሦስት ቀን ሳትነካ ትቆይ። የጠዋቱ ሰዓት ክፍፍል ግን በነጋታው ይቀጥል፤ ናፍቆት ሲበርድ እንጀምራለን ከተባለ፣ ባል እንደገና ሳሎን ውስጥ ተደላድሎ፣ ቡና ጠጪዎቹም እንደገና ርቀው ይገኛሉ።